ሄስተር አዳራሹ ውስጥ የተናገረችው

ሄስተር ፕራውስ በሕይወቷ ሕዝብ ፊት ቆማ የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ምነው ምላሴን በቆረጠው እያለች ኖረች።

በተፈጥሮዋ ዝምተኛ ነበረች። የዋሊንጋ ከተማ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጦር ሜዳ ላሉት ወታደሮች ካልሲ ሊሠሩ ሐሙስ ሐሙስ ሲሰበሰቡ፣ ሌሎቹ ወሬ ሲሰልቁ እሷ አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ትሠራለች። ከሁሉ ይበልጥ ካልሲ የምታስረክበውም እሷ ነበረች። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው። ከባሏ ከሳይለስ ጋር ከከተማው የአንድ ሰዓት የጋሪ መንገድ ርቀው ስንዴ ያርሳሉ። ሴት ልጃቸው አግብታ ባላራት ሄዳለች። ወንዱ ልጃቸው ዊልፍ ጦርነቱ በተጀመረ በዓመቱ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ፈርሞ ዘመተ።

ከፕራውሶች አጥር ወዲያ የምትኖረው ዴሊያ ኪዮ ነበረች። ዴሊያ አይሪሽ ናት፤ ካቶሊክ ናት፤ አፏም እጇም ፈጣን ነው። ባሏ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈር ተንዶበት ከሞተ በኋላ እርሻውን የያዘችው ከአንድ ልጇ ከኮርማክ ጋር ነው። ሁለቱን ሴቶች ያስተሳሰራቸው ነገር ቀላል አልነበረም። ሄስተር ዊልፍን ወልዳ ጡቷ ወተት አልሰጥ ባላት ጊዜ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ኮርማክን የተገላገለችው ዴሊያ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እያደረገች ሁለቱንም አጠባች። ከዚያ ወዲህ ባሎቻቸው በመሃል ባለው አጥር ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉላቸው። ልጆቹም በዚያው ሲመላለሱ አደጉ፤ የመሸባቸው ቤት ይበላሉ፤ የት ነበራችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ኮርማክ ሄስተርን የሚጠራት «አክስቴ» እያለ ነበር።

አገሩ ገና ልጅ አገር ነው። ስድስቱ ግዛቶች ተዋሕደው አውስትራሊያ አንድ አገር ከሆነች አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሳይለስ ዊልፍና ኮርማክ በዕድሜ ከአገራቸው ይበልጣሉ እያለ ይቀልድ ነበር። እንግሊዝ ከጀርመን ጋር የገጠመችው ጦርነት ሲመጣ ታዲያ አገራችን ከሰው እኩል የምትቆጠረው አሁን ነው ተባለ፤ ወጣቱም ባቡር ጣቢያው ላይ ሙዚቃ እየተመታለት ተሸኘ። ዊልፍ የሄደ ዕለት ኮርማክም ጓዙን ሸክፎ እስከ ጣቢያው አብሮት ሄዶ ነበር። ሁለቱ ከሰው ገለል ብለው ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ዊልፍ ባቡሩ ላይ ወጣ፤ ኮርማክ ጓዙን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ቤት ተመለሰ። ምን እንደተባባሉ ሄስተር አልጠየቀችም።

በ1916 ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ ስንዴው ጉልበት ድረስ እንኳ ሳይደርስ፣ ፓስተር ሆስኪን ወደ ፕራውሶች ቤት መጣ። የሞት ቴሌግራም ቤተሰቡን እንዲያረዱ አስቀድሞ የሚሰጠው ለካህናቱ ነበር። ስለዚህ ፓስተርም ሆነ ቄስ በሥራ ቀን በመንደሩ መንገድ ብቅ ሲል፣ ያየው ሁሉ በሩን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ትንፋሹን ይይዛል። ሄስተር ጓሮ ተቀምጣ ዶሮ እየነጨች ነበር። ፓስተሩ ፈረሱን አጥሩ ላይ ሲያስር አየችውና ቤት እንደተሳሳተ ነገረችው። ፓስተሩ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እሷም ዶሮዋን እስክትጨርስ አላቆመችም። እጇን ከታጠበች በኋላ ነው አሁን ይንገሩኝ ያለችው። ዊልፍ ፈረንሳይ ውስጥ ፖዚየር በምትባል መንደር ወድቋል።

ሳይለስ ነገሩን ሰምቶ ወደ ማሳው ተመለሰ። ዴሊያ ግን እየሮጠች መጣች። አራት ቀን ከዚያ ቤት ንቅንቅ አላለችም። ላሞቹን አለበች፣ ዳቦ ጋገረች፤ ሄስተር አልበላም ስትል በማንኪያ እያጎረሰች አበላቻት። ማልቀስም ያስጀመረቻት እሷ ናት፤ እሷ ራሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ልጄን ልጄን እያለች ስታለቅስ ሄስተርም አለቀሰች። በአምስተኛው ቀን ስትሄድ ሄስተር እጇን ይዛ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር አለቻት።

በዚያው ሰሞን መንግሥት አዲስ ነገር አወጀ። ከፈረንሳይ የሚመጣው የሟቾች ዝርዝር በየሳምንቱ እየረዘመ፣ በፈቃዱ የሚዘምተው ሰው ደግሞ እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ወጣቱ በግዴታ ባሕር ማዶ ይላክ ወይስ አይላክ፣ ሕዝቡ ወንዱም ሴቱም «አዎ» ወይም «አይሆንም» ብሎ ድምፅ ይስጥ ተባለ። ዋሊንጋ ለሁለት ተከፈለች። ለሃያ ዓመት በአንድ ወፍጮ ያስፈጩ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊት መዟዟር ጀመሩ። በተለይ አይሪሾቹ ላይ ክፉ ዓይን ወደቀባቸው። በፋሲካ ሰሞን በአገራቸው በአየርላንድ፣ ደብሊን ላይ በእንግሊዞች ስለተረሸኑት ሰዎች ልባቸው ሻክሮ ነበርና፣ «አይሆንም» የሚሉት ለጠላት ለጀርመን አስበው ነው ተባለ።

የ«አዎ» ወገኖች በከተማው አዳራሽ ትልቅ ስብሰባ ሊጠሩ ሲሉ ፓስተር ሆስኪንና የከተማው ሹም ሚስተር ጋርላንድ ወደ ሄስተር መጡ። ሌላው ሰው ስለ ሕግና ስለ ንጉሥ ይናገራል፤ አንቺ ግን ስለ ልጅሽ ብቻ ብትናገሪ ከሁላችን ንግግር ይበልጣል አሏት። እሷ አልችልም አለች። ፓስተሩ አራት መስመር ጽፌ እሰጥሻለሁ፣ ማንበብ ብቻ ነው አለ። ሳይለስም ጥግ ተቀምጦ ሲሰማ ቆይቶ ለዊልፍ ስትይ አድርጊው አለ። እሺ አለች። እሷም በበኩሏ ሌሎቹ ካልተከተሉት ልጄ በከንቱ ቀረ የሚል ሐሳብ እንደ ምስጥ ሲበላት ነበር የሰነበተው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዴሊያም መጥታ ነበር። «አይሆንም» እንደምትል አገር ያውቃል፤ የመጣችው ግን ጓደኛዋ ልትናገር ስለሆነ ነው። መሃል ላይ ተቀምጣለች። ኮርማክ መቀመጫ ስላላገኘ ኋላ በሩ አጠገብ ቆሟል።

ሄስተር ፓስተሩ የጻፈላትን ወረቀት ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች። የመጀመሪያዋን መስመር አነበበች። ሁለተኛዋን ልትጀምር ቀና ስትል ዓይኗ ኮርማክ ላይ አረፈ። ፊቱ በፀሐይ ቀልቷል፤ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ግድግዳውን ተደግፏል። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰምቶ ነበርና አይዞሽ ለማለት ፈገግ አለላት። ይሄ ቆሞ ሲስቅ የእኔው ልጅ ከአፈር በታች ነው የሚል ቁጣ እንደ እሳት ተነሣባት። ወረቀቱን አጠፈችው።

«ልጄ የነበረበት ቦታ ዛሬ ባዶ ነው» አለች። ድምጿ አሁን አይንቀጠቀጥም። «ማን ሊሞላው እንደሚገባ አውቃለሁ። ከልጄ ጋር አንድ ጡት ጠብቶ ያደገ ነው። ጤነኛ ነው፤ ምንም አልጎደለበትም። ያውላችሁ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ቀጥሎ ከፊት ወንበር አንዱ አጨበጨበ፤ አዳራሹ ተከተለው፤ ወለሉን በእግራቸው የሚደበድቡም ነበሩ። ከመሃል አንድ ወፍራም ድምፅ ፈሪ አለ። የኮርማክ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የት እንደሚያደርገው የጠፋው ሰው ይመስል ፊቱ ላይ ቆየ። ከዚያ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ዴሊያ ግን ቶሎ አልተነሣችም። ጭብጨባው እስኪበርድ ድረስ ሄስተርን ትክ ብላ ስታያት ቆይታ፣ በሰዎቹ ጉልበት መሃል እየተሽሎከለከች ሄደች።

ሳይለስ ወደ ቤት ሲመለሱ ጥሩ ተናገርሽ አላት። ሰኞ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ የከተማው ባቡር ከሩቅ ሲያፏጭ ሰማች፤ ከሰዓት በኋላ ኮርማክ በዚያ ባቡር ሊፈርም መሄዱን ነገሯት። ማክሰኞ ዕለት ዴሊያ መዶሻና ሽቦ ይዛ አጥሩ ላይ ያለውን ክፍተት ብቻዋን ስትዘጋ ዋለች። ሄስተር በወጥ ቤቱ መስኮት እያየቻት ነበር። ልትሄድ ብታስብም ከመስኮቱ አልራቀችም።

ደብዳቤው የመጣው ይህ በሆነ በአሥረኛው ቀን ነው።

የሞቱ ሰዎች ደብዳቤ መድረሱ በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። ቴሌግራም በሰዓታት ይደርሳል፤ ደብዳቤ ግን በመርከብ ሁለት ወር ይፈጃል። ሄስተር የዊልፍን የእጅ ጽሑፍ ፖስታው ላይ ስታይ፣ እዚያው ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ጋሪው ላይ ተቀምጣ ከፈተችው።

«እማዬ፣ ይህን ቆስሎ ወደ እንግሊዝ በሚሄድ ጓደኛዬ እጅ የምልከው አለቆቻችን እንዳያነቡት ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ደህና ነኝ እያልኩ ስጽፍልሽ ነበር። ደህና የሆነ ሰው እዚህ የለም። ትናንት አብሬው ሻይ የጠጣሁትን ሰው ዛሬ ስቆፍር አካፋዬ አገኘው። እኔ ማንም ሳይገፋኝ ወድጄ ስለመጣሁ እችለዋለሁ። ሳይወድ የመጣ ሰው እንዴት እንደሚችለው ግን አላውቅም። እናንተ ዘንድ ስለ ግዴታ ይወራል አሉ፤ እኔ ብሆን አይሆንም እላለሁ። ደግሞ ኮርማክን አደራ። ጣቢያው ላይ እንዳይከተለኝ ቃል አስገብቼዋለሁ። የሁለታችንን እናቶች የሚያይ አንድ ሰው መቅረት አለበት። ግን ኩሩ ነው፤ ሰው ከነካው ይመጣል። አንቺ ንገሪው፤ ከሰው ሁሉ አንቺን ይሰማል።»

ሄስተር ጋሪው ላይ ምን ያህል እንደተቀመጠች አታውቅም። ፈረሱ ራሱ መሰልቸት ጀምሮት ወደ ቤት ወሰዳት።

ደብዳቤውን ለሳይለስ ሰጠችው። አንብቦ ሲጨርስ ያለው ምድጃ ውስጥ ጨምሪው ነው። ልጁ ሲጽፈው ደክሞት ነበር፤ ይህን ሰው ቢያየው ስሙ ይጠፋል አላት። ለፓስተር ሆስኪንም ወስዳ አሳየችው፤ እሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንብቦ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ጸለየላትም። በመጨረሻ ግን ድምፁ እስኪሰጥ ድረስ ሦስት ሳምንት ብቻ ደብቀሽ ብታቆዪው አላት። ሄስተር ፓስተሩን አመስግና፣ ከቤቱ ወጥታ፣ በትልቁ መንገድ ዞራ በፊት በር ወደ ዴሊያ ሄደች። ለሃያ ሁለት ዓመት በፊት በር ገብታ አታውቅም ነበር።

ዴሊያ ድንች ስትኮተኩት አገኘቻት። ሄስተር ወረቀቱን ዘረጋችላት። ዴሊያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተቀብላ ቆማ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ አልጮኸችም፤ ሄስተር ብትጮህባት ትመርጥ ነበር።

«ሕጉ ቢወጣም የመበለት አንድ ልጅ አይወሰድም ነበር» አለች ዴሊያ። «ይህን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ጋዜጣው ላይ ተጽፏል። መንግሥት እንኳ ያልጠየቀኝን ነው አንቺ የወሰድሽብኝ።»

ሄስተር ይቅር በይኝ ልትል አፏን ከፈተች። ዴሊያ በእጇ አስቆመቻት።

«እኔን ተዪኝ። ዊልፍ አደራ ያለሽ ለእኔ እንድትነግሪ አይደለም። ሂጂና ለራሱ ንገሪው። አንቺው በአፍሽ።»

በማግስቱ ሄስተር ለሳይለስ ቀዝቃዛ የበግ ሥጋና ዳቦ አስቀምጣለት፣ ሳትነግረው ወደ ሜልቦርን በሚሄደው ባቡር ተሳፈረች። ሜልቦርንን ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጫጉላዋ ነው። አንዲት የዘመድ ዘመድ ቤት አድራ፣ ጠዋት እየጠየቀች ከከተማው ውጭ ያለው የጦር ሰፈር ደረሰች። ሜዳው ላይ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ድንኳን በድንኳን ሆኗል፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እናቱ ነዎት ወይ ሲላት መልሱ ቸገራት፤ አክስቱ ነኝ አለችው።

ኮርማክ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ የሰፋው የወታደር ልብስ ለብሶ መጣ። ሲያያት ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። «ደህና ነዎት፣ ሚስስ ፕራውስ?» አላት። እንደ ባዕድ በስም ሲጠራት በሕይወቷ የመጀመሪያው ነበር።

ደብዳቤውን ሰጠችው። ከድንኳኑ ገመድ አጠገብ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እና ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?»

«ወደ ቤትህ ተመለስ። እኔ አዛዡ ዘንድ እገባለሁ። እናቱ መበለት ናት፣ ሌላ ልጅ የላትም፣ በእኔ ጥፋት ነው የመጣው እላለሁ። እግራቸው ላይ ውደቂ ካሉኝም እወድቃለሁ።»

«ይለቁኝ ይሆናል» አለ ኮርማክ አሰብ አድርጎ። «ከዚያስ? ዋሊንጋ ስመለስ የት ልቁም? እዚያው በሩ ጋ?»

ሄስተር አንገቷን ደፋች።

«ሲሰድቡኝ ኖረዋል» አለ። «መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ወፍጮ ቤት። እስቅባቸው ነበር። ሌላ ማንም ቢለኝ እዚያም እስቅ ነበር።» ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጠፈው። «አልጠላዎትም። ብችል ጥሩ ነበር፤ አልተቻለኝም። ግን ቃሌን ለዊልፍ አንድ ጊዜ ሰጥቼ አፍርሻለሁ፤ አሁን እዚህ ምዬ ሁለተኛ አላፈርስም።»

ከዚያ ሁለት ነገር ለመናት። አንደኛው የእናቱ ስንዴ ነው፤ ዲሴምበር ሲደርስ ብቻዋን አትችለውም፣ ሰው ቀጥሪ ብላትም አትሰማኝም አለ። ሁለተኛው ደብዳቤው ነው፤ ይዞት መሄድ ይፈልጋል። ሄስተር ከልጇ እጅ የተረፋት የመጨረሻው ነገር ያ ወረቀት ነበር። ውሰደው አለችው። ጥሩንባ ተነፋና ኮርማክ ባርኔጣውን ደፍቶ ከሌሎቹ ጋር ሄደ፤ ዞር ብሎ አላያትም።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ኦክቶበር 28፣ ቅዳሜ ነበር። ሄስተርና ሳይለስ በአንድ ጋሪ ሄደው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተራቸውን ጠበቁ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። ሄስተር እርሳሱን ይዛ አላመነታችም፤ «አይሆንም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ አጥፋ ከተተችው። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ያደረገችውን ለባሏ ነገረችው።

ሳይለስ ፈረሱን አቆመ። «የልጅሽን ደም ረገጥሽው» አለ።

«ልጄ የጻፈልኝን ነው ያደረግሁት» አለች ሄስተር። «አንተም አንብበኸዋል።»

ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል እራቱን በልቶ ይነሣል እንጂ አላነጋገራትም። ውጤቱ ሲታወቅ ግዛታቸው በጥቂት ልዩነት «አዎ» ብሎ፣ አገሩ በጠቅላላ ግን በጥቂት ልዩነት «አይሆንም» ብሎ ተገኘ። ዋሊንጋ ተናደደች፤ ጥፋቱም በአይሪሾቹ ላይ ተላከከ። ሄስተር በሚቀጥለው ሐሙስ ሴቶቹ ዘንድ ሄዳ፣ የካልሲዋን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እኔም አይሆንም ብያለሁና ሌላ ሰው አትሙ አለቻቸው። አጠገቧ የነበረችው ሴት ወንበሯን ራቅ አደረገች። ሄስተር ግን ሐሙስ ሐሙስ መሄዷን አላቋረጠችም። ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ትሠራለች፤ አስረክባ ትሄዳለች።

ዲሴምበር ላይ ስንዴው ደረሰ። ዴሊያ የማጨጃውን መኪና አራት ፈረስ ጠምዳ ራሷ መንዳት ጀመረች። ሄስተር በመጀመሪያው ቀን የጆንያ መስፊያ ወስፌና ሲባጎ ይዛ፣ በትልቁ መንገድ ዞራ ማሳው ላይ ደረሰች። ዴሊያ አየቻትና አለፈች። ሄስተርም ሳትጠየቅ የሞላውን ጆንያ እየሰፋች ስትደረድር ዋለች። ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ዝንቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ሲባጎው ጣቷን ላጠው። እንዲህ ሆነው ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሳይለስ የራሱን ፈረሶችና የራሱን መኪና ይዞ መጣ። ከማሳው በላይኛው ጫፍ ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ ዴሊያ ሻይ አፍልታ ሁለት ኩባያ ጆንያው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሳይለስ የራሱን አንሥቶ ከጠጣ በኋላ ሚስቱን አየትና፣ ጣትሽን በጨርቅ ጠቅልዪው አላት።

የዚያን ዓመት ስንዴ በአሥራ ዘጠኝ ቀን አስገቡ። ሁለቱ ሴቶች በአሥራ ዘጠኙ ቀን የተነጋገሩት ስለ ጆንያና ስለ ፈረስ ብቻ ነው። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚሁ፤ በሦስተኛውም እንደዚሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛው የድምፅ ጥሪ ወጥቶ ከተማው እንደገና ሲፋጅ፣ ሄስተር ድፍረት አግኝታ ይቅር ትይኝ ይሆን ብላ ጠየቀቻት። ዴሊያ የማጨጃውን መኪና ዘይት እየቀባች ነበር። ለአባ ስናዘዝ ይቅር ብያታለሁ እላለሁ፤ አባም ይፈቱኛል፤ ቤት ስመለስ ግን ባዶ አልጋውን አያለሁ አለቻት። ሄስተርም ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ኮርማክ በ1917 መጀመሪያ ፈረንሳይ ገባ። አንድ ጊዜ ጭኑ ላይ ቆስሎ ዳነና ወደ ግንባር ተመለሰ። ከዚያ ጦርነቱ ሊያልቅ ሰባት ወር ሲቀረው የመርዝ ጭስ አገኘው። ለእናቱ ትንሽ ሳል ነው ብሎ ጻፈ። የሆስፒታሉ ነርስ የጻፈችው ደብዳቤ ግን ሌላ ነበር፤ ዴሊያ ሁለቱንም በአንድ ቀን ተቀበለች።

የተመለሰው በ1919 አጋማሽ ነው። በኅዳር በሽታው ምክንያት መርከቡ ወደብ ላይ ታግዶ ስለነበር የሚደርስበት ቀን ሦስት ጊዜ ተለወጠ። ዋሊንጋ ጣቢያ ላይ እንደ መሸኛው ቀን ሙዚቃ አልነበረም፤ ሰው የተመላሽ አቀባበል ሰልችቶት ነበር። ሄስተር አትምጪ ያላት ስለሌለ መጣች፤ ነይ ያላትም ስለሌለ ከመብራቱ ምሰሶ ኋላ ቆመች።

ከባቡሩ የወረደው ሰው ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሲራመድ ግን በየአምስት እርምጃው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ይቆማል። ዴሊያ ሮጣ ያዘችው። ረጅም ጊዜ ተቃቅፈው ቆሙ። ከዚያ ሳል ያዘውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዴሊያ አንድ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ ቀና ስትል ሄስተርን አየቻት።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አለቻት። «ሻንጣውን ያዥለት እንጂ።»

ሄስተር ሻንጣውን አነሣች። ኮርማክ ሳሉ ሲተወው ቀና ብሎ አያትና ራሱን ነቀነቀላት። እናትና ልጅ ተደጋግፈው ወደ ጋሪው ሲሄዱ እሷ ከኋላ ተከተለች። ሲቆሙ ትቆማለች፤ ሲሄዱ ትሄዳለች።

ኮርማክ አምስት ዓመት ኖረ። ደህና በሆነ ሳምንት ያርሳል፤ ባልሆነ ሳምንት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ልጓምና ኮርቻ ይጠግናል። ሄስተር በየቀኑ ትመጣለች፤ ሥጋ ታመጣለች፣ አንሶላ ታጥባለች፣ ዴሊያ ከተማ ስትሄድ አጠገቡ ትቀመጣለች። ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቀን አላነሡም። ስለ ዊልፍ ግን ያወራ ነበር፤ በልጅነታቸው ስለሠሩት ተንኮል፣ አንድ ጊዜ የፓስተሩን ፈረስ ፈትተው ወንዝ ዳር ስለደበቁበት፣ ሄስተር የማታውቀውን ብዙ ነገር። ስትስቅ እሱም ይስቃል፤ ከዚያ ሳሉ ይመጣል። ሚስስ ፕራውስ ማለቱን ግን እስከ መጨረሻው አልተወም።

በ1924 ክረምት አንድ ጠዋት አረፈ። ዴሊያ ወደ አባም ሆነ ወደ ዘመዶቿ ሳትልክ፣ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ራሷ ወደ ፕራውሶች ቤት መጥታ በሩን አንኳኳች። ሄስተር ስትከፍት ፊቷን አይታ አወቀች። ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ። ውኃ አሙቀው ገላውን አጠቡ፤ ዴሊያ ራሱን ደግፋ ይዛ፣ ሄስተር እያጠበች፤ የሕፃን ልጅ ያህል ቀልሎ ነበር። ሲጨርሱ ንጹሕ ሸሚዝ አለበሱት።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ሁሉ ሲበተን ሄስተር ሳህኖቹን አጥባ ሻሿን አሰረች። ዴሊያ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ መስኮቱን ታያለች።

«ነገ ትመጫለሽ?» አለቻት።

ሄስተር እመጣለሁ አለች። በማግስቱም ሄደች።